ጥሬ ብላክ ሜታል እንዴት ይሰማል? የናዚውስ በምን ይለያል?

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ስድስት ኪሎ ቀጠርኩት። የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ከሳልባጅ የገዛትን ጥቁር ቲሸርት ለብሷል። ደረቷ ላይ የባንድ ስም አለ፤ እሾህ በእሾህ ላይ ተጠላልፎ ስለተሳለ አይነበብም። ዞር ሲል ጀርባውን አየሁት። ክብ መንኮራኩር፣ ከመሀሉ የሚወጡ 12 የተሰበሩ ጨረሮች።

«አሪፍ ናት አይደል አጎቴ?» አለኝ።

ምልክቱ ጥቁር ፀሐይ ይባላል። የናዚው ልዩ ታጣቂ ኃይል፣ ኤስኤስ፣ ጀርመን ውስጥ በዌቨልስበርግ ግንብ ወለል ላይ ያሠራው ነው። ዛሬ ኒዮናዚዎች እንደ መታወቂያ ይለብሱታል። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ ጊታር ይወዳል። ያቺን ምልክት አዝሎ የቆመው ፋሺስት የፈጃቸው የአዲስ አበባ ሰዎች መታሰቢያ ሥር ነው።

አልጮህኩበትም። ምን እንደለበሰ አያውቅም ነበር። ቲሸርቷን ገልብጦ እንዲለብስ ነገርኩት። ከዚያ ካፌ ገብተን ማኪያቶ አዘዝንና ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልጆችም ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ። ብላክ ሜታልን እንዴት ልስማው? ናዚ መሆኑን በምን ልወቅ? ለዚህ ነው የምጽፈው።

እኔ አራት ኪሎ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። ቀን ቀን መዝሙርና ማስታወቂያ ነው። ማታ ግን ብላክ ሜታል እሰማለሁ፤ ከሄቪ ሜታል የወጣ ፈጣንና ጨለማ ሙዚቃ ነው፤ 15 ዓመት አልፎኛል። ሙዚቃውን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ውስጡ የገባው መርዝ የሚያንገበግበኝ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን አስለምዱት

ጥሬ ብላክ ሜታል፣ ማለትም ድምፁ ሳይጸዳ የተቀዳው፣ ለአዲስ ጆሮ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመታ ዝናብ ነው። አንድ ወጥ ጩኸት ይመስላል። ግን ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ያውቃል፣ ዝናቡ ውስጥ ምት አለ፣ ይበረታል፣ ይሳሳል፣ ንፋሱ ሲዞር ይቀየራል። እዚህም እንደዚያ ነው።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። የስልክ ስፒከር ቀድሞውንም ቀጭን ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ቀጭን ላይ ቀጭን ሲደረብ የሚቀረው ፉጨት ብቻ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ። ድምፁን ደግሞ ዝቅ አድርጉ። ሰው ይሄ ሙዚቃ የግድ መጮህ ያለበት ይመስለዋል። ዝቅ ሲል ነው ዜማው ከጩኸቱ ውስጥ የሚወጣው።

ከዚያ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። የተጫዋቹ እጅ በጣም ፈጣን ነው፤ አንዱን ኖታ ሳያቋርጥ ደጋግሞ ይመታዋል። ይህ ትሬሞሎ ይባላል። ኮርዱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀየረው። አንዳንዴ ስምንት ቤት (ባር)፣ አንዳንዴም 16 ቤት ይቆያል። የሙዚቃው ምሥጢር ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ እጁ ይሮጣል፣ ዜማው ግን ይራመዳል። ሩጫውን መስማት ትታችሁ እርምጃውን ስትሰሙ፣ ያ የፈራችሁት ጩኸት ድንገት ሰፊ ሜዳ ይሆናል። እኔ ላይ ይህ የሆነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ።

ከበሮውን አትቁጠሩት። ብላስት ቢት የሚባለው እጅግ ፈጣን ምት ለመቁጠር ሳይሆን እንደ ምንጣፍ ከሥር እንዲነጠፍ ነው። ድምፃዊውንም ቃሉን ለመያዝ አትታገሉ፤ ለጊዜው እንደ አንድ መሣሪያ ስሙት። «ለጊዜው» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

«ለምን ጥራት የለውም?» ብሎ የሚጠይቀኝን በገናን አስታውሰዋለሁ። የበገና ክር ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ላይ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። እንዚራዋን ብታወጧት ክሩ ጥርት ይላል፤ በገናነቱ ግን ይጠፋል። የጸሎት መሣሪያን ከዚህ ሙዚቃ ጋር ማንሳቴ የሚከፋው ይኖራል። እኔ የማወራው ስለ ድምፅ ነው፤ መንፈሳቸውማ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ንዝረትና ሻካራነት የውበቱ አካል ሊሆን እንደሚችል ግን የእኛ ጆሮ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። የማሲንቆ ጭረትም ያንኑ ነው የሚነግረን።

ጥሬው ድምፅ ከየት መጣ?

ይሄን ማወቅ የሚያስፈልገው «ጥሬነቱ የናዚዎች ፈጠራ ነው» የሚል ወሬ ስለሚሰማ ነው። ሐሰት ነው። የስዊድኑ ባንድ ባቶሪ በ1984 (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ እንደ ፈረንጅ ነው) የመጀመሪያ አልበሙን የቀዳው ከጋራዥ በተሠራ ስቱዲዮ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ገንዘብ የለም፣ ዕቃ የለም፤ ከእጦት የወጣ ድምፅ ነበር። ከዚያ የኖርዌይ ልጆች መጡና እጦቱን ምርጫ አደረጉት። ዳርክትሮን የተባሉት ሁለት ልጆች «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» የተባለውን አልበም የሠሩት በአራት ትራክ መቅጃ ነው። መሣሪያውን ሁሉ ፌንሪዝ ብቻውን ተጫወተ፤ ጓደኛው ድምፅ ጨመረበት፤ በቃ። እንደ ድምፅ ባለሙያ ስሰማው ባሱ የለም ማለት ይቻላል፣ ከበሮው ከሩቅ ነው፣ ጊታሩ አየሩን ሞልቶታል። እና ልክ ነው። አንዱን ነገር ብታስተካክሉለት ይሞታል።

ግን ያው አልበም ላይ ነው ጣጣው የተጀመረው። በ1994 ሲወጣ ጀርባው ላይ «የኖርዌይ አርያን ብላክ ሜታል» የሚል ቃል ነበረበት። ከግጥሞቹም አራቱን የጻፈው ቡርዙም በሚል ስም ብቻውን የሚሠራው ኖርዌያዊ ቫርግ ቪከርነስ ነው። ቁጣ ተነሳ። የሰጡት ማብራሪያ ራሱ ሌላ ቁጣ ወለደ። በኋላ ቃሉ ከሽፋኑ ወጣ፤ በተከታዩ አልበማቸው ላይም የናዚም የፖለቲካም ባንድ አይደለንም ብለው ጻፉ።

ቪከርነስ ግን ወዲያኛው መንገድ ሄደ። በነሐሴ 1993 ሜይሄም የተባለውን ባንድ ጊታሪስት ዩሮኒመስን በስለት ገደለ። በ1994 በዚህ ግድያና አብያተ ክርስቲያናት በማቃጠል 21 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2009 ተለቀቀ። በ2014 ደግሞ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት የዘር ጥላቻ በመቀስቀስ ጥፋተኛ ብሎታል። ከባዱ ነገር ሰውየው ድምፅ ያውቃል። «ፊሎሶፌም» በተባለው አልበሙ ላይ ጊታሩን በጊታር አምፕ ሳይሆን በቤት ቴፕ ማጉያ ነው ያሳለፈው። ድምፁን ሊቀዳ ሲል ከስቱዲዮው መጥፎውን ማይክ ጠይቆ በጆሮ ማዳመጫ ላይ በምትገኝ ማይክ ቀዳ። ከዚያ የወጣው ቀዝቃዛና ብቸኛ ድምፅ ዛሬም ብዙዎች ይኮርጁታል። ይሄን አልክድም። ብክድ ውሸታም እሆናለሁ፤ ከእኔ የሚማሩት ልጆችም አያምኑኝም።

አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ሳነብ ግን አያቴ ትመጣብኛለች። አያቴ የአራዳ ልጅ ናት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጥሉ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ፋሺስቶቹ ሦስት ቀን ከተማውን ፈጁ፤ ቤቶችን ከነሰዎቹ አቃጠሉ። አራዳ ጊዮርጊስም ላይ እሳት ለቀቁበት። በኢትዮጵያ መንግሥት ቆጠራ 30 ሺህ ሰው አለቀ። አባቷ በሁለተኛው ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። እስክትሞት ድረስ የሚነድ ሣር ሲሸታት ከቤት ትወጣ ነበር። በ1992 በኖርዌይ በርገን አቅራቢያ የነደደው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሹ በፎቶ ተነሥቶ የቡርዙም ሥራ ሽፋን ሆነ። ያንን ሽፋን እኔ በአያቴ ዓይን ነው የማየው።

የጣሊያን ፋሺስትና የጀርመን ናዚ አንድ አይደሉም። በአንድ ጎራ ግን ተሰልፈዋል፤ እኛን ከሰው ባለመቁጠርም ይስማማሉ።

የናዚውን መለየት

ከጥሬው ብላክ ሜታል ጥግ ላይ በ1990ዎቹ ራሱን ብሔራዊ ሶሻሊስት ብላክ ሜታል ብሎ የሚጠራ ጎራ በቀለ። ጀርመን፣ ፖላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ዩክሬን፣ አሜሪካም አሉ። አብሱርድ የተባለው የጀርመን ባንድ አባላት በ1993 ገና ተማሪ ሳሉ የ15 ዓመት የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን ገደሉ። ቆይተው የልጁን የመቃብር ድንጋይ ፎቶ የካሴት ሽፋን አደረጉት። ይሄን የምነግራችሁ «ሙዚቃ ብቻ ነው» ለሚለው ክርክር ነው።

የእኔን ታሪክም ልንገራችሁ። ድሮ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ዘፈን በፍላሽ እንቀያየር ነበር። ሽፋን የለውም፣ ግጥም የለውም፤ የፋይል ስም ብቻ። አንድ ዘፈን ነበረች፣ አንድ ዓመት ሙሉ የሰማኋት። የድሮ የገጠር ዜማ የመሰለ ነገር ከጊታሩ ሥር ይሄዳል፤ ያሳዝናል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንጎራጉራት ነበር። በኋላ ግጥሟን ተተርጉሞ አገኘሁት። እንደኔ ያለ ሰው ከእንስሳ በታች እንደሆነ ነው የምትለው። ለሳምንታት ምንም ሙዚቃ መስማት አልቻልኩም። ዜማዋ መጥፎ ስለሆነች አይደለም። ቆንጆ ነበረች፤ የሚያመውም እሱ ነው።

ስለዚህ ከመውደዳችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

የባንዱን ስም ይዛችሁ ሜታል አርካይቭስ የሚባለው መዝገብ ውስጥ ፈልጉ። ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለእያንዳንዱ ባንድ የግጥም ጭብጥ የሚል መስመር አለው። «ብሔራዊ ሶሻሊዝም» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ብዙ አለ። እዚያ ጨርሳችኋል፤ ዝጉት። ከባዱ የተሸፈነው ነው። «ደም»፣ «ቅርስ»፣ «የአውሮፓ ኩራት»፣ «የአባቶች ምድር» የሚሉ ቃላት ተደርድረው ካያችሁ ወደ ፊት ቆፍሩ። በ2017 ስፖቲፋይን የመሳሰሉ አገልግሎቶች የጥላቻ ሙዚቃ ማውረድ ከጀመሩ ወዲህ በድብቅ ቃል መናገር ለነሱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ሽፋኑን እዩ። ስዋስቲካውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለቱን የኤስኤስ መብረቆች፣ የራስ ቅል ምልክታቸውን፣ ጥቁር ፀሐይን እወቁ። 88 ቁጥርን እወቁ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስምንተኛዋ ሁለቴ ተደግማ ለሂትለር ሰላምታ የምትቆም ናት። 14 ደግሞ የነጭ ዘረኞች መፈክር ቃላት ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የድሮ የሰሜን አውሮፓ ፊደልና የቶር መዶሻ ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም፤ ብዙ ንጹሕ ባንድ ይጠቀምባቸዋል። የእኛን መስቀል ያሰረ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው እንደማይሆነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ጉርብትናው ነው። ማን ያሳትምላቸዋል? ከማን ጋር አንድ ካሴት ይካፈላሉ? የማን መድረክ ላይ ይወጣሉ? ባንዱ አፉን ቢዘጋ አሳታሚው ይናገራል። «እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም» የሚለውን ቃል ለብቻው አትመኑት። ያሳተመላቸው ድርጅት ያወጣቸውን ሌሎች አሥር ሥራዎች እዩና ፍረዱ።

ካወቁ በኋላስ?

እዚህ ላይ ሰው ይለያያል። የእኔን ልንገራችሁ።

ዘፈኑ ራሱ የሚሰብክ ከሆነ አልሰማውም። የዜማውን ውበት እያወቅሁም አልሰማውም። ያ ዜማ የተሠራው ቃሉን እንዲሸከም ነው፤ ማር የተቀባ መርፌ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ከሰማኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ደካማ ቅጂዎች ናቸው። ጥሬው ቅጂ ደካማ እጅ ይሸፍናል። የተከለከለ መሆኑን ሰው እንደ ጥልቀት ይቆጥርላቸዋል። ያንኑ ዜማ ቃሉን ከሚጠላ ባንድ ብትሰሙት «እሺ፣ ደህና ነው» ብላችሁ ታልፉት ነበር።

ዘፈኑ የማይሰብክ፣ ሠሪው ግን የሚሰብክ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። ቡርዙም እዚህ ነው። እኔ አልገዛም፣ አልለብስም፣ ለሰው አልክም። ድምፁ እንዴት እንደተሠራ ለማስተማር ስቱዲዮ ውስጥ ከፍቼ አውቃለሁ፤ ስከፍትም ሰውየው ማን እንደሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። ይሄም ትክክል አይደለም የሚል ጓደኛ አለኝ፤ አከብረዋለሁ።

ተናግሮ የተመለሰን ደግሞ እሰማለሁ። ዳርክትሮንን ዛሬም እሰማለሁ።

የሚተኩም አሉ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የአሜሪካው ፓኖፕቲኮን በ2012 ስለ ኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ትግል አንድ አልበም ሠርቷል፤ ባንጆው ሳይቀር አለበት። የእንግሊዞቹ ዶውን ሬይድ ቫዮሊን ይዘው በግልጽ ፋሺዝምን ይቃወሙ ነበር። ዚል ኤንድ አርዶር ደግሞ ለእኔ ልዩ ነው። ማኑኤል ጋኞ የስዊስና የአሜሪካ ጥቁር ልጅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለት የሙዚቃ ዓይነት ስጡኝና ላዋህድ ሲል «ብላክ ሜታል» እና፣ በዘረኛ ስድብ፣ «የጥቁሮች ሙዚቃ» የሚል መልስ መጣለት። ስድቡን ተቀብሎ ሥራ አደረገው፤ የባሮችን የሥራ ዘፈን ከብላክ ሜታል ጋር አጋጨው። ሰንሰለቱ ሲያቃጭል ስሙት።

ራሳችሁ ቅዱት

ከእህቴ ልጅ ጋር መጨረሻ የደረስነው እዚህ ነው። ይህ ድምፅ የማንም ርስት እንዳልሆነ የሚገባችሁ ስትሠሩት ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

የጊታሩን ዲስቶርሽን ፔዳል ጌይኑን ወደ ላይ፣ ባሱን ወደ ታች፣ ትሬብሉን ከግማሽ በላይ አድርጉ። ትንሽ አምፕ ከትልቅ ይሻላል። ማይኩን ከስፒከሩ አንድ ስንዝር አርቁት። ሻካራነቱ ከፔዳሉ ይምጣ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሌቭሉ ቀይ እንዳይነካ። የዲጂታል መሰባበር ይፈነክታል እንጂ አያሞቅም። ካሴት ዴክ ያለው ሰው ካለ የተቀዳውን ወደ ካሴት አሳልፋችሁ መልሱት፤ እኔ የአባቴን ነው የምጠቀመው። ጊታሩን ሁለቴ ተጫውታችሁ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጉ። ኮፒ አታድርጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ናት ስፋቱን የምትሰጠው። ለከበሮው አንድ ማይክ ከላይ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ይበቃል።

ቅኝቱን ደግሞ ከቤታችን ውሰዱ። ብላክ ሜታል የተጠጋጉ፣ የሚቆረቁሩ ኖታዎችን ይወዳል። አንቺሆዬ ያ ሁሉ አለው። ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ዶና ሬ ቤሞል በግማሽ ድምፅ ይፋተጋሉ፤ ፋና ሶል ቤሞልም እንዲሁ። ዶን ከሶል ቤሞል ጋር ስታጋጩት ደግሞ ያ የኖርዌይ ልጆች በጊታር ሲፈልጉት የኖሩት ጨለማ ድምፅ ይመጣል። በትሬሞሎ፣ በደቂቃ 160 ምት (ቢፒኤም)፣ እያንዳንዱን ኖታ አራት ቤት እያቆያችሁ ሞክሩት። አምባሰልም ይሄዳል፤ ሐዘኑ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ልጁ በመጀመሪያው ቀን እጁ ደከመ። ትሬሞሎ ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው፤ ክንዳችሁ ካመማችሁ አቁሙና ፒኩን ላላ አድርጋችሁ ያዙት። በአራተኛው ቀን ስድስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ተጫወተ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው እየቀዳ ስለነበር የአምፑ ድምፅ ሲከስም፣ ከዚያ ያለ አምፕ የቀጠለው የክሩ ጭረት፣ ከውጭ ደግሞ ጣሪያው ላይ የጀመረው ዝናብ ሁሉ ተቀድቷል። ልቁረጠው ስለው እምቢ አለኝ። እንዳለ ተውነው።